«ወደቀብኝ» ወይስ «ጣልኩት»

ተማሪዎቹ በፊቱ «መምህር» ይሉታል፤ ከኋላው ግን ስሙ «ጋሽ ብኝ» ነው። የመምህራን ማሠልጠኛው በር ላይ ቆመው ሲያወሩ ያ ረጅም፣ ከወገቡ ጎንበስ ያለ ሰው ቦርሳውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ብቅ ሲል ካዩ፣ አንዱ ቀስ ብሎ «ጋሽ ብኝ መጡብን!» ይላል፤ የቀሩት በሳቅ ይፈርሳሉ። መምህሩ ይህን ያውቃል። እንዲያውም አንድ ቀን ክፍል ገብቶ ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ፣ «‹መጡብን› ያለው ማነው? ጎበዝ! ከዚህ የተሻለ ምሳሌ እኔም አላገኝም» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈው። ከዚያ ወዲያ ተማሪዎቹ ከኋላው ቅጽል ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ተዉ።

የሚያስተምረው ሥነ ምዕላድ ነው። ቋንቋ ከሚያጠኑ ሰዎች መካከል ድምፅ ላይ የሚያተኩር አለ፤ ዐረፍተ ነገር ላይ የሚያተኩር አለ። እሱ ግን ዕድሜውን የጨረሰው የቃል ሆድ ውስጥ ገብቶ ነው። ሰዓት ሠሪ የሰዓት ጀርባ እንደሚከፍት ግሥን ይከፍትና፣ ይኸ ሥሩ ነው፣ ይቺ ማን እንዳደረገው ትናገራለች፣ ይቺ ደግሞ በማን ላይ እንደደረሰ ትናገራለች እያለ ሲበታትነው፣ የፈዘዘ ተማሪ ሳይቀር ቀና ይላል። ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት ግን ግሥ ጭራ ላይ የምትንጠለጠለውን «ብኝ»ን ነበር።

«‹ዘነበ› ካላችሁ ዝናብ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም» ይላቸዋል። «ገበሬው ግን ‹ዘነበልኝ› ይላል። ልብስ ያሰጣችው ሴት ‹ዘነበብኝ› ትላለች። ዝናቡ ያው አንድ ዝናብ ነው። ደስታውና ሐዘኑ ያለው በአንዲት ፊደል ላይ ነው። ይህችን ፊደል ያላጠና ሰው ቋንቋ አጠናሁ ብሎ እንዳያታልላችሁ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ላይ፣ ፀጉር ቤት፣ ክሊኒክ ወረፋ ላይ ሰው «ብኝ» ባለ ቁጥር ከኪሱ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። ወተቱ ገነፈለብኝ። አውቶቡሱ ሄደብኝ። ቀኑ መሸብኝ። ልጄ ከፋብኝ። እንዲህ የሞሉ አሥራ አንድ ደብተሮች ነበሩት፤ ጡረታ ሲወጣ መጽሐፍ ሊያደርጋቸው አስቧል።

አላገባም። የሚኖረው ከማሠልጠኛው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ከታናሽ እህቱ ጋር ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ አሥራ ዘጠኝ፣ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ፀጉሯን መጎንጎን የተማረው፣ ጫማዋን የጠገነላት፣ የቤት ሥራዋን ያሠራት እሱ ነው። ያኔ «ሚጣ» ይላት ነበር፤ አርባ ስምንት ዓመት ሞልቷትም «ሚጣ» ነው የሚላት። እሷም ከ«ጋሼ» ሌላ ጠርታው አታውቅም። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር፤ ልጅ ሳይወልዱ ባሏ ሞተ፤ ዕቃዋን በሁለት ሻንጣ ይዛ ወደ ወንድሟ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ሕፃናት ማቆያ ሠራች። ማታ ቤት ስትገባ ልብሷ ወተት ወተት ይላል። ራት ላይ የምታወራው ሁሉ ስለ ልጆቹ ነው፤ ማን ጥርስ አወጣ፣ ማን መራመድ ጀመረ፣ ማን የማንን ብስኩት ቀማ። መምህሩ ሲሰማት ቆይቶ፣ «ቆይ ቆይ፣ ‹ቀማብኝ› ነው ያለሽ ወይስ ‹ቀማኝ›?» ይላታል። «አቤት ጋሼ! ልጁ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እሪ ነው ያለው!» ብላ ትስቃለች።

ነገሩ የደረሰው ሐሙስ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ገደማ ነው። መምህሩ ክፍል ውስጥ እያለ የማሠልጠኛው ጸሐፊ በሩን ገርበብ አደረገች።

«መምህር፣ ስልክ ይፈልግዎታል። ከፖሊስ ጣቢያ ነው።»

ሲደርስ ሚጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አንድ እግሯ ላይ ጫማ የለም። ፊቷ አመድ መስሏል። «ጋሼ» አለች። የሆነውን የነገረው ተረኛው ፖሊስ ነው። ማቆያው አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሕፃናቱን ወደ ግቢው ያወርዷቸዋል። የዓመት ከስድስት ወር ልጅ አቅፋ ስትወርድ አዳለጣት። ልጁ ሲሚንቶው ደረጃ ላይ ወደቀ። ሐኪም ቤት ደርሶ ሞተ።

ቃሏን ሰጥታ በዋስ ወጣች። በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሰች። በሳምንቱ መምህሩ ጠበቃ ዘንድ ሄደ። ጠበቃው ችኩል ወጣት ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መዝገቡን አገላበጠና አንድ ወረቀት ወደ መምህሩ ገፋ አደረገ።

«አስቸጋሪው ይኸ ነው፤ ፈርማበታለች።»

መምህሩ አነበበው። የእህቱ ስም፣ ዕድሜዋ፣ ሥራዋ፣ ከዚያ «ሕፃኑን ደረጃው ላይ ጣልኩት» የሚል ዐረፍተ ነገር። ደጋግሞ አነበበው።

«እህቴ እንዲህ አላለችም» አለ።

«እንዴት ያውቃሉ? አልነበሩም እኮ።»

«ማንም ሰው እንዲህ አይልም! ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲያወራ ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ብርጭቆ እንኳ ከእጁ ሲያመልጥ ሰው ‹ወደቀብኝ› ነው የሚለው። ‹ጣልኩት› የሚለው ሆነ ብሎ የጣለ ነው። ይኸ ቃል የእሷ አይደለም፤ ቃሏን የጻፈው ሰው ነው።»

ጠበቃው መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። «ይኸን ችሎት ላይ ሊያስረዱ ይችላሉ?»

ያን ቀን መምህሩ ወደ ቤቱ የተመለሰው እንደ ወጣት እየተራመደ ነው። እህቱን የሚያድናት ነገር አገኘ፤ ያም ነገር በዓለም ላይ ከማንም የበለጠ እሱ የሚያውቀው ነው። አሥራ አንዱን ደብተር አወረደና ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ሚጣ ጓዳ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች።

«ሚጣ፣ ቃል ስትሰጪ ምን ነበር ያልሽው? ‹ወደቀብኝ› አላልሽም?»

«አላስታውስም ጋሼ።»

«አስቢ እስቲ። ‹አመለጠኝ› ይሆን? ‹ብኝ› ነበረበት?»

«አላስታውስም አልኩህ።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠየቃት፤ ቁርስ ላይ፣ ራት ላይ፣ ልብስ ስታጥብ አጠገቧ ቆሞ። በየቀኑም አንድ ዓይነት መልስ ሰጠችው። ከሰውነቷ እየቀነሰች መሄዷን ያያል፤ ግን ችሎቱ ሲያልቅ ትድናለች ብሎ ራሱን ያጽናናል።

ቃሏን የተቀበለውን መርማሪም ፈልጎ አገኘው። መርማሪው ሆዱ ገፋ ያለ፣ ሲያዩት ክፋት የሌለው ሰው ነው። ሻይ ጋበዘውና የመምህሩን ማብራሪያ እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ያው አይደለም እንዴ?» አለ በመጨረሻ።

«ያው አይደለም! የሰማይና የምድር ያህል ነው!»

«እንግዲህ ጋሼ፣ ልንገርዎ። በቀን አሥራ አምስት ሰው ቃል እቀበላለሁ። ሁሉም ‹ብኝ› ነው የሚለው። ጎረቤቱን ወግቶ መጥቶ ‹ቢላው ሸሸብኝ› ያለኝ ሰው አለ። ቢላ ይሸሻል?» ሳቅ ሊል ቃጣውና የመምህሩን ፊት አይቶ ተወው። «እህትዎ ግን እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለችም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ያለችውን የጻፍኩ ይመስለኛል።»

መምህሩ «ይመስለኛል» የሚለውን ብቻ ይዞ ወጣ።

የችሎቱ ቀን አዳራሹ ጠባብ፣ መስኮቶቹ ከፍ ያሉ ነበሩ። የልጁ እናት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ዐቃቤ ሕጉ ወንድም ለእህቱ ሊመሰክር አይገባም ብሎ ተከራከረ። ዳኛዋ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። «ዝምድናው ይመዝገብ፤ ሙያውን ግን እንስማው» አሉ።

መምህሩ ቆመ። በመጀመሪያ ምላሱ ተያያዘበት፤ ቀስ በቀስ ግን የክፍሉ ድምፅ መጣለት። ግሥ ሥር እንዳለው፣ «ወደቀ» አድራጊ እንደማይጠይቅ፣ «ጣለ» ግን ያለ አድራጊ እንደማይቆም፣ «ብኝ» ደግሞ ነገሩ ከተናጋሪው ፈቃድ ውጭ በተናጋሪው ላይ እንደደረሰ እንደምታሳይ አስረዳ። ከደብተሮቹ ምሳሌ አነበበ። ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ሳይቀሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠበቃው ፈገግ አለ።

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ መምህር። ‹ወደቀብኝ› ማለት ‹እኔ አልጣልኩትም› ማለት ነው?»

መምህሩ ዕድሜውን ሙሉ ተማሪ ሲጠይቀው ዋሽቶ አያውቅም።

«አይደለም ክብርት ዳኛ» አለ። «ማን እንዳደረገው አይናገርም። ማን እንደተጎዳ ብቻ ነው የሚናገረው።»

ዐቃቤ ሕጉ ብድግ አለ። «ታዲያ የተጎዳው ማነው ይላሉ መምህር? ተከሳሿ ናት ወይስ ሕፃኑ?»

ከሁለተኛው ረድፍ የልጁ እናት ሲቃ ተሰማ። ጠበቃው ጥያቄው ተገቢ አይደለም እያለ ሲቃወም፣ ሚጣ ማንም ሳያዛት ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆመች።

«‹ጣልኩት› ነው ያልኩት» አለች። «መርማሪው አላጠፋም። እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኩት። ወንድሜን አታስቸግሩብኝ።»

ዳኛዋ ችሎቱን ለሁለት ሳምንት ቀጠሩ።

ኮሪደሩ ላይ ሰው እየተጋፋ ሲወጣ የልጁ እናትና ሚጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ጠበቃው ሚጣን ወደ ጎን ሊስባት ሞከረ፤ እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። እናትየዋ አልጮኸችም። ድምፅዋ ከመድከሙ የተነሣ ለመስማት እንኳ ያስቸግራል።

«ገደልሽብኝ» አለቻት።

ሚጣ አንገቷን ደፋች። መምህሩ ቃሉን ሲሰማ አእምሮው ሳያዝዘው ፈታው። «ገደል»፣ ሥሩ። «ሽ»፣ እህቱ። «ብኝ»፣ እናትየዋ። ሕፃኑ የለም። ግሥ ጭራ ላይ ቦታው ለአንድ ብቻ ነው፤ «ብኝ» ከመጣች ሕፃኑን የምታሳየው የ«ገደልሽው» «ው» ትነሣለች። ይህን ደንብ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፎታል፣ ስንት ጊዜ ፈተና አውጥቶበታል። ደንቡ የሞተውን ልጅ ከቃሉ አውጥቶ እንደጣለው ግን እዚያ ኮሪደር ላይ ነው የታየው። ወዲያውም አፈረ። ልጇ በሞተባት ሴት ፊት ቆሞ ቃሏን እንደ ሰዓት መፍታቱ ዕንባ እስኪቀድመው ድረስ አሳፈረው።

ቤት እንደገቡ መምህሩ ደብተሮቹን ከጠረጴዛው ላይ ሰብስቦ ሳጥን ውስጥ ከተታቸው። ሚጣ ጓዳ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አየችው።

«ተቆጣኸኝ?» አለች።

«ለምን እቆጣሻለሁ?»

«ሥራህን አበላሸሁብህ።»

በርጩማ ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ጀርባውን የሚያመው ሰው ነው፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ጠየቃት።

«ምን ሆነሽ ነበር ሚጣ? ደረጃው ላይ?»

ሦስት ወር ሙሉ የትኛዋን ፊደል እንዳለች እንጂ ምን እንደሆነች የጠየቃት አልነበረም።

«ሁለታችን ነበርን የምናወርዳቸው» ብላ ጀመረች። «ጓደኛዬ አሟት ቀርታ ነበር። ደረጃው ተወልውሎ ገና አልደረቀም። አየሁት እኮ፤ እርጥብ መሆኑን አይቻለሁ። በግራ እጄ ልጁን ታቅፌያለሁ፤ በቀኝ የጡጦ ቦርሳ ይዣለሁ። መደገፊያው ብረት በግራ በኩል ነው። አዳለጠኝ።» እጇን ዘረጋችና አየችው። «ጋሼ፣ ይቺ እጄ ልጁን ለቃ ብረቱን ያዘች። አላዘዝኳትም። ግን የእኔ እጅ ናት አይደለም? እኔን አተረፈችኝ። አንድ ቦታ እንኳ አልተጫረም ሰውነቴ።»

መምህሩ የተዘረጋውን እጅ አየ።

«እና ‹ወደቀብኝ› ልበል? እጄ ለቃው? ‹ጣልኩት›ስ ብል፣ መቼ ልጥለው ፈለግሁ? አንተ ስትጠይቀኝ በየቀኑ የማስበው ይኸን ነበር። ንገረኝ እስቲ። ለዚህ ምን ይባላል?»

የሚያውቃቸው ቅርጾች ሁሉ ተራ በተራ መጡለት። አመለጠኝ። ለቀቅሁት። ተለቀቀብኝ። እጄ አስጣለኝ። አንዱንም ሊላት አልቻለም፤ አንዱም ያችን የግራ እጅ አያውቃትም።

«አላውቅም» አላት።

ራሷን ነቀነቀች፤ የጠበቀችው ያንኑ ይመስል።

«ከዚያስ?» አለ።

«ከዚያ ሮጬ ወርጄ አነሣሁት። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። አላለቀሰም። ‹እሽሩሩ› አልኩት። ‹ምንም አልሆንክም፣ ምንም አልሆንክም› አልኩት።» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ልጁ ከሞተ ወዲህ ስታለቅስ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር። ተነሥቶ የራሱን ሹራብ አመጣና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት፤ እስክትጨርስ አጠገቧ ቆመ።

ፍርዱ በቀጠሮው ቀን ተሰማ። ዳኛዋ ጥፋተኛ ነሽ አሏት። ማቆያው በቂ ሠራተኛ አለማሰማራቱንና ደረጃው መወልወሉን ግን ማቅለያ አድርገው ያዙላት። ሁለት ዓመት እስራት፣ በገደብ። ስለ ቃላቱ አንድም ነገር አልተናገሩም። ጠበቃው እጁን ዘርግቶ «እንኳን ደስ አላችሁ» ሊል ጀመረና የሁለቱን ፊት አይቶ እጁን ኪሱ ከተተ። የልጁ እናት ያን ቀን አልመጣችም።

ሚጣ ስምንት ወር ቤት ውስጥ ተቀመጠች። ገበያ አትወጣም፤ ጎረቤት አትጠይቅም። ሕፃን ሲያለቅስ ከሰማች መስኮት ትዘጋለች። ልብስ ታጥባለች፣ የታጠበውን ደግማ ታጥባለች። በመጨረሻ በሌላ ከተማ አንሶላ የምታሰፋ የአክስታቸው ልጅ፣ «ወደ እኔ ላካት፤ እዚህ ሁሉም ትልቅ ሰው ነው» ብላ ደወለች። መምህሩ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኛት። ሚጣ መስኮቱ አጠገብ ከተቀመጠች በኋላ ጭንቅላቷን አወጣች።

«ጋሼ፣ ወጥ ስታሞቅ እሳቱን ቀንስ። ሁልጊዜ ታሳርራለህ።»

«እሺ።»

«ሹራብህን እኔ ነኝ የያዝኩት። እንዳትፈልገው።»

«ያዢው።»

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጁን ከፍ አድርጎ ቆየ፤ አውራ ጎዳናውን ይዞ ሲጠፋም አላወረደም። መኪና የሚጠብቁ ሰዎች ዘወር ብለው አዩት።

መምህሩ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አስተምሮ ጡረታ ወጣ። ትምህርቱን አላጓደለም፤ ተማሪዎቹም «ጋሽ ብኝ» ማለታቸውን አልተዉም። ደብተር ግን ከኪሱ ሲያወጣ ያየው የለም። ሳጥኑን የሥራ ባልደረባው ለሆነች ወጣት መምህርት ሰጣት። «መጽሐፉስ መምህር?» አለችው። «አንቺ ትሠሪዋለሽ። እኔ የምጨምርበት የለኝም» አላት። እሷም ሳጥኑን ታቅፋ ሄደች።

ሚጣ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ስለ አንሶላ፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ወገቧ ያወራሉ። ከሄደች በሦስተኛው ዓመት ለአንድ ሳምንት ልትጠይቀው መጣች። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ቤቱን አየችና «ይኸ ድስት ጠቆረ አይደል? አላልኩህም?» ብላ ሳቅ አለች፤ እሱም ሳቀ። በሩን ከፍተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ሳለ፣ ገና መራመድ የጀመረ የጎረቤት ልጅ ተንገዳግዶ መጥቶ የበሩን መቃን ተደገፈ። አፉን ከፍቶ ሁለቱን አያቸው፤ ወደ ሚጣ እጆቹን ዘረጋ።

ሚጣ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ተነሥታ ጓዳ ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋች።

መምህሩ ልጁን በእጁ ይዞ፣ በልጁ እርምጃ ልክ እየተራመደ፣ ግቢውን አቋርጦ ለእናቱ አስረከበ። ሲመለስ ጓዳው በር ላይ ቆመ። ከውስጥ ምንም አይሰማም።

«ሚጣ» አለ።

«ሄደ ወይ?»

«ሄደ። ነይ ውጪ።»

መቀርቀሪያው ሲነሣ ተሰማ፤ በሩ ግን ወዲያው አልተከፈተም። መምህሩ እዚያው ቆሞ ጠበቃት።